ከወህኒው ደጅ በፊት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2017፣ በአውስትራሊያ በቪክቶሪያ ግዛት፣ ከኢቹካ ተነሥታ ወደ ሜልቦርን በባቡር ትጓዝ የነበረች አንዲት የ55 ዓመት እናት፣ መጠጥ ጠጥታ ስለ ነበር በወንበሯ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ፣ ቲኬት ተቆጣጣሪው ፖሊስ ጠራባትና ካስልሜን በምትባለው ጣቢያ አስወርደው ወደ ማረፊያ ቤት አስገቧት። ማንንም አልመታችም፤ የማንንም ገንዘብ አልወሰደችም፤ ወንጀል ተብሎ የተጻፈባት በአደባባይ መስከር ብቻ ነበር። ስካሩ እስኪበርድላት ተብሎ በተዘጋባት ክፍል ውስጥ ወድቃ ግንባሯን ከግድግዳው ጋር ተላተመች፤ ዘበኞቹም በየጊዜው ገብተው ደኅንነቷን ማረጋገጥ ሲገባቸው በመስኮት አጮልቀው እያዩ ይመለሱ ነበርና፣ በራስ ቅሏ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሰዓታት አለፉ። ከ17 ቀን በኋላ በሐኪም ቤት ዐረፈች። ሟቿ ከአገሩ ቀደምት ሕዝብ፣ ከአቦርጂናል ወገን ነበረች፤ አጎቷም በ1982 እንዲሁ በፖሊስ እጅ ሳለ ሞቶ፣ ሞቱ በንጉሣዊ መርማሪ ኮሚሽን ተመርምሮ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የሟቾቹን ስም አልጠራም፤ በብዙ የአቦርጂናል ማኅበረሰብ ዘንድ የሞተ ሰው ስም በአደባባይ እንዳይነሣ ሥርዓታቸው ይከለክላልና፣ ሐዘናቸውን ለማክበር ከዚህ ያነሰ ነገር ማድረግ አይቻልም።

ያ መርማሪ ኮሚሽን የተወለደው ከእናቶች ለቅሶ ነው። በ1983 በምዕራብ አውስትራሊያ ሮቦርን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከመጠጥ ቤት ደጅ ከሥራ ውጭ በነበሩ ፖሊሶችና በአቦርጂናል ሰዎች መካከል ጠብ ተነሥቶ፣ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ራሱን ተመትቶ ወደ ጣቢያው ተወሰደና በዚያው ሌሊት በእስር ክፍሉ ውስጥ ሞተ። የተከሰሱት የጸጥታ ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት በነጻ ተለቀቁ። ከዚህ በኋላ የሟች ቤተሰቦች ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ፣ ልጆቻችን በመንግሥት እጅ ስለ ምን ይሞታሉ እያሉ ቢጮኹ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦብ ሆክ በ1987 ኮሚሽኑ እንዲቋቋም አደረጉ። በመጀመሪያ በዳኛ ጄምስ ሙርሄድ፣ ቀጥሎም በኤልዮት ጆንስተን ሰብሳቢነት፣ ከ1980 መባቻ እስከ ሜይ 1989 ድረስ የሞቱ 99 ሰዎች ነገር አንድ በአንድ ተመረመረ፤ በ1991ም ዘገባው 339 የውሳኔ ሐሳቦችን ይዞ ወጣ።

ቤተሰቦቹ ከዘገባው የጠበቁት ነፍሰ ገዳዮችን ነበር። ኮሚሽኑ ግን ሞቶቹ ሆን ተብሎ በተፈጸመ ግፍ የመጡ ናቸው ለማለት ማስረጃ አላገኘሁም አለ፤ ይህም ቃል እስከ ዛሬ ያልጠገገ ቅሬታ ትቷል፤ ቅሬታውም አግባብ ያለው ይመስለኛል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ምስክሩ ራሱ አሳሪው ሲሆን የማስረጃ መታጣት ንጽሕናን አያስረዳምና። ነገር ግን ኮሚሽኑ ከዚያ የጠለቀ ነገር አገኘ። አንድ አቦርጂናል እስረኛ ከሌላው እስረኛ ይልቅ የመሞት ዕድሉ የበዛ አልነበረም፤ የበዛው ወደ እስር የመግባቱ ዕድል ነበር። ሞቱ ያን ያህል የበዛው እስሩ ስለ በዛ ነው፤ ስለዚህም መዳኛው ከክፍሉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከደጁ በፊት፣ በጎዳናውና በትምህርት ቤቱ፣ ይልቁንም በልጅነት ዘመን መፈለግ ነበረበት።

የ99ኙን ሰዎች የሕይወት ታሪክ ለሚያነብ ይህ በግልጽ ይታየዋል። 43ቱ በሕፃንነታቸው በመንግሥት፣ በሚሲዮን ወይም በሌላ ተቋም እጅ ከወላጆቻቸው ተለይተው ያደጉ ነበሩ፤ 43ቱ ደግሞ በ15 ዓመታቸው ወይም ከዚያ በፊት በወንጀል የተከሰሱ ነበሩ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የፈጸሙት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከነዚህ ሰዎች የብዙዎቹ ዕለተ ሞት መዘጋጀት የጀመረው በልጅነታቸው ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከኮሚሽኑ የውሳኔ ሐሳቦች አንዱ በአደባባይ መስከር ወንጀል መሆኑ ይቅር የሚል ነበር። ቪክቶሪያ ይህን ሕግ ከመጽሐፏ የፋቀችው በኖቬምበር 2023 ነው፤ ከዘገባው በኋላ 32 ዓመት አልፎ፣ ያችም እናት ከሞተች በኋላ፣ ልጆቿ በየችሎቱና በየምክር ቤቱ ደጅ ስለ ጠኑ። እስር የመጨረሻ አማራጭ ይሁን የሚለው ዋናው ምክርም በቃል ተወድሶ በተግባር ተረሳ። በ2014 በምዕራብ አውስትራሊያ አንዲት የ22 ዓመት ወጣት 3,622 ዶላር የገንዘብ መቀጫ ባለመክፈሏ ታሰረች፤ የጎድን አጥንቷ ተሰብሮ ቁስሉ መርዞ ወደ ደሟ ገብቶ ስታቃስት፣ ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ወስደው ደኅና ነሽ ብለው መለሷት፤ ፖሊሶቹ ታስመስላለች ብለው ነበርና በሦስተኛው ጊዜ በእጅና በእግሯ ተሸክመው ሲያወጧት የሚያሳየውን ምስል አገሩ ሁሉ አየው። በዚያው ዕለት ሞተች። መቀጫ ላልከፈለ ሰው እስርን የሚያጠብበው ሕግ በዚያ ግዛት የወጣው በ2020 ነው።

ምክሩ በተሠራበት ቦታ ግን ፍሬው ታይቷል። በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት አንድ አቦርጂናል ሰው ሲታሰር ፖሊሱ ወደ አቦርጂናል ሕግ አገልግሎት ስልክ እንዲደውል በሕግ ተደንግጎ፣ ከ2000 ጀምሮ ሌሊትና ቀን የሚነሣ ስልክ ተዘረጋ። ጠበቃው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ክሱ አይደለም፤ ታመሃል ወይ፣ መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ፣ ራስህን የመጉዳት ሐሳብ አለህ ወይ፣ ለማን ልንገርልህ ይላል። እስከ 2016 ድረስ በግዛቱ የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ውስጥ የሞተ አቦርጂናል አልነበረም፤ በዚያ ዓመት በሜትላንድ የሞተችውም ሴት የተያዘችው ለራስሽ ደኅንነት ተብሎ እንጂ በወንጀል ስላልነበረ፣ ስልኩ ሳይደወልላት የቀረች ናት።

ስልኩ ግን የተያዘውን ያድናል እንጂ ከመያዝ አያድንም። ይህን ሁለተኛውን ሥራ ማየት የሚፈልግ ከሲድኒ ወደ ሰሜን ምዕራብ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዳርሊንግ ወንዝ ዳር ወደ ምትገኘው ቡርክ ከተማ ይመልከት። ይህች ከ20 በላይ የቋንቋ ነገዶች የሚኖሩባት፣ በወንጀል ብዛት ስሟ የጠፋ ትንሽ ከተማ ነበረች። አሊስተር ፈርጉሰን የተባሉ የከተማይቱ ተወላጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተማክረው፣ ለልጆቻችን ወህኒ የሚወጣው ገንዘብ ልጆቹ ወደ ወህኒ እንዳይሄዱ ቢውልስ የሚል ሐሳብ አነሡና፣ ከ2013 ጀምሮ ማራንጉካ የሚባለውን ሥራ አቋቋሙ።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ልጆቹ በምን በምን እንደሚያዙ መዝገብ ገልጦ ማየት ነው። ብዙዎቹ የሚከሰሱት ያለ መንጃ ፈቃድ በመንዳት ሆኖ ተገኘ። በግዛቱ ሕግ ጀማሪ ወጣት ፈቃድ ለማውጣት ባለ ፈቃድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ 120 ሰዓት መንዳት አለበት፤ ቤተሰቡ መኪና ከሌለው፣ ፈቃድ ያለው ዘመድ ከሌለው፣ የልደት የምስክር ወረቀትም ጠፍቶበት ከሆነ ይህን ከየት ያመጣዋል? የትኛውም ስብከት የማይፈታውን ይህን ነገር፣ መኪናና አስተማሪ አቅርበው ፈቱት። የዋስትና ግዴታ ሲሰጥም ልጁ ሊፈጽመው የሚችለው እንዲሆን ከዳኞች ጋር ተነጋገሩ፤ ዛሬ ከቤትህ እንዳትወጣ የተባለ ልጅ ቤቱ ውስጥ ዱላ ካለ ወዴት ይገባል? በየማለዳው ፖሊሱ፣ መምህሩና የማኅበረሰቡ ሠራተኞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ባለፈው ሌሊት ችግር የደረሰበት ቤት የትኛው ነው፣ ማን ይሂድለት ብለው ይመድባሉ።

ኬፒኤምጂ የተባለው የሒሳብ ድርጅት በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ በወጣቶች ላይ በብዛት በሚቀርቡት በአምስቱ የወንጀል ዓይነቶች ክሱ ከመቶ 38 ቀንሶ፣ በፖሊስ የተመዘገበ የቤት ውስጥ ጥቃትም ከመቶ 23 ወርዶ፣ እስከ 12ኛ ክፍል በትምህርት የሚጸኑትም ከመቶ 31 ጨምረው ተገኝተዋል፤ በ2017 ብቻ 3.1 ሚሊዮን ዶላር እንደ ዳነም ገምቷል። አንድ ዓመት ዘመንን አይወክልም፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ፍሬ ለብዙ ዓመት በእስር ሲፈለግ አልተገኘም። በሲድኒ በሬድፈርን ሰፈርም ከ2009 ጀምሮ ፖሊሶችና የሰፈሩ ልጆች ከንጋቱ በ12 ሰዓት በአንድ የቦክስ አዳራሽ አብረው ይለማመዳሉ፤ ቀድሞ የሚተዋወቁት በሩጫና በካቴና ነበር።

ይህ ሁሉ እየታየ፣ የአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት በ2023 የወንጀል ተጠያቂነትን ዕድሜ ከ10 ወደ 12 ከፍ አድርጎ ሳለ፣ በ2024 አዲሱ መንግሥቱ ወደ 10 መለሰው። ጥርሱን ገና ነቅሎ ያልጨረሰን ሕፃን በችሎት ፊት ማቆም ጸጥታን ያመጣል ብሎ ማመን፣ ያን የ1991 ዘገባ ሳያነብቡ መፍረድ ነው። የአቦርጂናል ወገኖች ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ አራት ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ከእስረኞቹ በ1991 ከመቶ 14 የነበሩት ዛሬ ሲሶውን አልፈዋል፤ ከዘገባው ወዲህ በእስር ላይ ሳሉ የሞቱትም ከ550 በላይ ናቸው።

የፌዴራሉ መንግሥት በ2022 እንደ ቡርክ ያለ ሥራ በ30 ቦታዎች ያህል እንዲጀመር 69 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። ገንዘቡ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ቡርክ ፍሬ ያሳየችው ልጆቹን የሚያውቁ ሰዎች ዓመታት ወስደው፣ ከየቤቱ ሐሳብ ሰብስበውና ከፖሊሱ ጋር ተከራክረው ተስማምተው ስለሆነ፣ የአራት ዓመቱ በጀት ሲያልቅ ቢሮው ከተዘጋ፣ መንጃ ፈቃድ የሚያስተምረው ሰው ከሄደ፣ የማለዳውም ጠረጴዛ ከታጠፈ፣ በ10 ዓመት የተሠራው በአንድ ክረምት ይፈርሳል። የከተሞቹ ሽማግሌዎች አሁን የሚጠይቁት ገንዘቡ በየምርጫው የማይናወጥ፣ አዛዡም እነርሱ ራሳቸው የሆኑበት እንዲሆን ነው።