አዲስ ወይስ ያገለገለ፤ ለእርሻ ሥራ ስለሚገዛ ፒክአፕ መኪና

የገበሬ ድካም በማሳው ላይ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። እህሉ ከታጨደና ከተወቃ በኋላ ከአውድማ ወደ ጎተራ፤ ከጎተራም ወደ ገበያ እስኪደርስ ድረስ ያለው መንገድ ሌላ እርሻ ነው ለማለት ይቻላል። ማዳበሪያው፤ ምርጥ ዘሩ፤ የከብቱ መኖና የወተቱ ቆርቆሮ በአህያ ጀርባ የሚመላለሱበት ዘመን ገና ያላለፈ ቢሆንም፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፤ የልማት ሥራ ያላቸው ገዳማትና አድባራት፤ እንዲሁም ኑሮአቸው የተሻሻለ ገበሬዎች ለዚሁ ሥራ ፒክአፕ የሚባለውን፤ ከኋላው መጫኛ ያለውን መኪና ለመግዛት ያስባሉ። በዚህ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ፤ አዲሱ ይገዛ ወይስ ያገለገለው? የሚል ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ገንዘቡ የአንድ ሰው ገንዘብ ባልሆነ ጊዜ ክብደቱ ይጨምራል። ነጋዴ በገዛ ገንዘቡ ቢሳሳት ጉዳቱ በራሱና በቤተ ሰቡ ላይ ይቀራል። የማኅበር ሊቀ መንበር ወይም የገዳም መጋቢ በተሳሳተ ጊዜ ግን የሚጎዳው፤ ከሚሸጠው ኩንታል ላይ ጥቂት ጥቂት ብር እያስቀነሰ ያጠራቀመው አባል፤ ወይም ስለቱን ያገባው ምእመን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ግዥ በደላላ አንደበትና በመኪናው ቀለም ማማር ሳይሆን በሒሳብና በምርመራ ሊፈጸም ይገባዋል።

በአሜሪካና በኤሮፓ የተለመደው ምክር የታወቀ ነው። ይኸውም፤ አዲስ መኪና ከሻጩ በር ከወጣ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋው ፈጥኖ ስለሚወድቅ፤ ኪሳራውን ፊተኛው ባለቤት ይሸከመው፤ ገበሬው ግን ሦስት ወይም አራት ዓመት ያገለገለውን በቅናሽ ይግዛ የሚል ነው። ይህ ምክር በተነገረበት አገር እውነት ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ግን መሠረቱ ይናጋል። በዚህ አገር መኪና የሚገባው በውጭ ገንዘብ ነው፤ የውጭ ገንዘብም ሲወደድ አዲሱ ብቻ ሳይሆን በአገር ውስጥ ያለው አሮጌውም አብሮ ይወደዳል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ያህል ነበረ፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቀደም ብሎም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከአዲሶቹ የከበደ፤ እንደ ዕድሜያቸውም እየጨመረ የሚሄድ ታክስ ጥሎባቸዋል። ከዚህ ሁሉ የተነሣ ፒክአፑን አምስት ዓመት ሙሉ ሲያሠራ የኖረ ሰው፤ ከገዛበት ብር በበለጠ ብር ሲሸጠው ቢታይ የሚያስደንቅ አይደለም።

እንግዲህ ነገሩ ሁለት ገጽ አለው። ያገለገለውን የሚገዛ ሰው አገኘሁት የሚለው ቅናሽ እንደሚመስለው ትልቅ አይደለም፤ ላለቀ ጎማና ለደከመ ሞተር ብዙ ብር ይከፍላልና። አዲሱን የሚገዛም ሰው በውጭ አገር እንደሚነገረው ያህል አይከስርም፤ በሚሸጥበት ጊዜ ገንዘቡ በመኪናው ውስጥ ተቀምጦ ያገኘዋልና። ነገር ግን አዲሱ በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይህም ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በብድር የሚገኝ ነው።

ስለ ብድር ከተነሣ ዘንድ፤ የወተት ላሞች ያሉት ገበሬ ወይም ማኅበር ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ካህናት አባቶች እንደሚያውቁት ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በእነዚህ ቀኖች በክርስቲያኑ አገር የወተትና የቅቤ ገበያ ይቀዘቅዛል። ፍልሰታ፤ ነቢያትና ሐዋርያትም አሉ። ላሟ ግን ትታለባለች፤ መኖዋንም ትበላለች፤ የባንኩም ወርኃዊ ክፍያ አይጾምም። ስለዚህ የብድር ውል ሲፈረም የመክፈያው ጊዜ በገበያው ወራት እንዲከብድ፤ በጾሙ ወራት እንዲቀልል ባንኩን መጠየቅ ከዋጋው ክርክር ያላነሰ ጥቅም አለው። እህል አምራቹም እንዲሁ ገንዘብ የሚያገኘው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፤ በክረምት ወር የሚጠየቅ ክፍያ በሬ ያሸጣል።

ምርጫውን የሚቆርጠው ዋናው ነገር ግን መኪናው በቆመ ጊዜ የሚጠፋው ሀብት ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ጤፍና ስንዴ አንድ ሳምንት ቢቆዩ በጎተራ አይበላሹም፤ መኪናው ቢሰበር ተጠግኖ እስኪመለስ ሊጠብቁ ይችላሉ። ወተት ግን ሰዓት የሚቆጥር ሀብት ነው። እሸት ቡናም ወደ መፈልፈያው የሚገባ እንደ ሆነ በተለቀመበት ቀን መድረስ ይኖርበታል፤ ያለዚያ በጆንያ ውስጥ መብላላት ይጀምርና ጣዕሙ ይጎድላል፤ ጣዕሙም ሲጎድል ደረጃው ይወርዳል። በሲዳማ ወይም በይርጋ ጨፌ ያለ ማኅበር በለቀማው ወራት መኪናው ሦስት ቀን ቢቆምበት፤ የሚጠፋው ገንዘብ ከመካኒኩ ሒሳብ ጋር የሚወዳደር አይሆንም። እንደዚህ ላለው ሥራ፤ በየዕለቱም ለሚመላለሰው የወተት መኪና፤ አቅም እስከ ፈቀደ ድረስ አዲሱ ይመረጣል። በዓመት ውስጥ ጥቂት ወራት ብቻ ለሚሠራ የእህል ጭነት ግን በደኅና የተመረመረ አሮጌ መኪና ይበቃል። በዓመት ሃያ ቀን ብቻ ሥራ ላለው ሰው ደግሞ መኪና ተከራይቶ መጫን ከሁለቱም ይሻለዋል፤ ምንም እንኳ የራስ መኪና በደጅ መቆሙ የሚያስከብር መስሎ ቢታይ።

በዚህ አገር መንገድ ከታወቁት ፒክአፖች አንዱ ቶዮታ ሃይሉክስ የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት በጃፓን አገር በ1960 ዓ.ም. መሸጥ የተጀመረ ሲሆን፤ በመጀመሪያ የተሠራውም ሂኖ በሚባለው ኩባንያ ፋብሪካ ነው። እስከ 1990ዎቹ ዓመታት ድረስ ከመጡት ብዙዎቹ ናፍጣውን በሜካኒክ ፓምፕ የሚረጩ፤ በቀላል መሣሪያ የሚፈቱና በወረዳ ከተማ ጋራዥ የሚጠገኑ ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. መጨረሻ ከወጣው ከሰባተኛው ዓይነት ወዲህ በናፍጣ የሚሠሩት ብዙዎቹ ነዳጁን ከ1,000 ባር በሚበልጥ ግፊት በኤሌክትሮኒክ ትእዛዝ የሚረጩ ሆነዋል። አዲሱ ሞተር ብርቱ ነው፤ ነዳጅም ይቆጥባል። በተለይም አየር በሣሣበት በደጋው አገር፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አምስተኛውን እጅ ያህል ሲያጣ፤ ቱርቦ ያለው ግን አየሩን በግድ ስለሚያስገባ ጉድለቱን ያሟላል። ዳሩ ግን ይኸው አዲስ ሞተር ቆሻሻ ናፍጣን አይታገሥም። በርሜል ውስጥ የከረመ፤ ውኃ የገባበት ናፍጣ አሮጌውን ቢያስነጥሰው አዲሱን ይገድለዋል፤ የመርጫዎቹም ዋጋ ከባድ ነው። ናፍጣ በበርሜል የሚያስቀምጥ እርሻ፤ አዲስ መኪና ከመግዛቱ በፊት ማስቀመጫውን ማስተካከል፤ የናፍጣውንም ፊልትሮ በጊዜው መለወጥ ያስፈልገዋል። ኮምፒውተር አስገብቶ ሞተሩን የሚመረምር ጋራዥ ከስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሚገኝም አስቀድሞ ማወቅ መልካም ነው።

ስለ ጋቢናውም ጥቂት መናገር ያሻል። ሲንግል ጋቢና የሚባለው ሃይሉክስ ከኋላ 2 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል መጫኛ ሲኖረው፤ ደብል ጋቢና የሚባለው ግን ወደ 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ለእርሻ ሥራ ተብሎ በቃለ ጉባኤ የተወሰነው መኪና ደብል ጋቢና ሆኖ ሲመጣ፤ ማኅበሩ የገዛው ለእህሉ መጫኛ ሳይሆን ለሹማምንቱ መቀመጫ መሆኑን አባሉ ቆሞ ያየዋል።

ጭነቱም ልክ አለው። የዚህ ዓይነት መኪና የተሠራው 1 ቶን ገደማ፤ ማለት 10 ኩንታል ያህል እንዲጭን ነው፤ ይህም ባለ 50 ኪሎ የማዳበሪያ ከረጢት 20 መሆኑ ነው። ነገር ግን ባሌስትራ እያስጨመሩ 15ና 20 ኩንታል የሚጭኑ ብዙ ናቸው። ባሌስትራው ቢጠነክርም ሻንሲው፤ ፍሬኑና የኋላው ኩሽኔታ ግን እንደ ነበሩ ናቸው። ስለዚህ ያገለገለ ፒክአፕ የሚመረምር ሰው በመጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ከማድነቅ ይልቅ፤ ልብሱን ሳይሳሳለት ከሥር ገብቶ ሻንሲውን ይመልከት። ከጋቢናው በስተ ኋላ ያለው ቦታ ስንጥቅ ወይም የብየዳ ምልክት ካለበት፤ ባሌስትራውም ተጨምሮበት ከሆነ፤ መኪናው ምን ሲሸከም እንደ ኖረ ሌላ ምስክር አያሻም።

ዝገትም እንዲሁ ነው። ማዳበሪያ ጨው ያለበት ነገር ስለ ሆነ ብረት ይበላል፤ ማዳበሪያ ተጭኖበት ሳይታጠብ ያደረ መጫኛ ከወለሉ ይበሳል። በብርድ አገር በክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚነሰነስ ከዚያ የመጣ መኪና ከሥሩ ሊዝግ ይችላል። ከዓረብ አገር የመጣው ደግሞ ብረቱ ደኅና ሆኖ ጎማና ላስቲክ ነክ የሆነው ሁሉ በፀሐይ የደረቀ ሊሆን ይችላል። አዲስ መሆንም ቢሆን ከዚህ ፈጽሞ አያድንም። በአሜሪካ ቶዮታ ታኮማና ታንድራ የሚባሉት መኪናዎች ሻንሲያቸው ከሚገባው በላይ ዛገ ተብሎ ኩባንያው በፍርድ ቤት ተከሶ፤ 1.5 ሚሊዮን በሚሆኑ መኪናዎች ጉዳይ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር በሚገመት ወጪ ለመታረቅ በ2009 ዓ.ም. መስማማቱ የታወቀ ነው። የስም ማማር ብረትን አይጠብቅም።

ሞተሩን መመርመር የሚገባው ጠዋት፤ ሳይሞቅ ነው። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ የሚጠብቅ ከሆነ በማግስቱ መመለስ ይሻላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል፤ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ውኃ ማስገባቱን ሊያመለክት ይችላል። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ጭስ በኃይል የሚወጣ እንደ ሆነ ፋሻዎቹ አልቀዋል ማለት ነው። የኪሎ ሜትሩ ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል፤ ከቆጣሪው ይልቅ የፍሪሲዮኑ መርገጫ ላስቲክና የመሪው መላጥ እውነቱን ይናገራሉ። ቆጣሪው 80,000 ኪሎ ሜትር እያለ መርገጫው ብረቱ የወጣ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ሐሰተኛ ነው፤ መርገጫው ደግሞ መዋሸት አያውቅም።

ከብረቱ ይልቅ ብዙ ማኅበራትን የሚጎዳው ወረቀቱ ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መስማማት አለበት። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት መጠየቅ የሚገባ ነው። ለእርሻ ኢንቨስትመንት ወይም ለበጎ አድራጎት ሥራ ከቀረጥ ነፃ የገባ ፒክአፕ በርካሽ ሲቀርብ ደግሞ እጥፍ ጥንቃቄ ያሻል። እንዲህ ያለው መኪና ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው የሚተላለፈው ቀረጡና ታክሱ ሲከፈል ነው፤ ሳይከፈል የገዛ ሰው ከገንዘቡም ከመኪናውም ሊለያይ ይችላል። ሻጩ ታማኝ ሰው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ነው የሚለው ቃል በጉምሩክ ዘንድ አይታሰብም።

አዲሱንም የሚገዛ ማኅበር ቢሆን ሥራ ፈት አይደለም። የዋስትናው ዘመን ስንት ዓመት ወይም ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ፤ ዋስትናው እንዲጸና ሰርቪሱ የግድ በሻጩ ጋራዥ የሚደረግ መሆን አለመሆኑን፤ ጋራዡም ከእርሻው ምን ያህል እንደሚርቅ በውሉ ላይ አይቶ ሊፈርም ይገባል። ለእያንዳንዱ ሰርቪስ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መምጣት ግዴታ ከሆነ፤ የነዳጁና የአበሉ ወጪ ከዋጋው ላይ የሚደመር ነው። ወደ አገር ስለሚገቡ መኪናዎች የሚወጣውም ደንብ በአጭር ጊዜ ሲለዋወጥ ታይቷል፤ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑ ተነግሯል። ስለዚህ ከውጭ ለማስመጣት ቀብድ ከመስጠት በፊት የጉምሩክንና የትራንስፖርትን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ የሚያስፈልግ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ማኅበር አዲሱን በ10 እጅ፤ ያገለገለውን በ7 እጅ ዋጋ አገኘ እንበል። የተረፈው 3 እጅ እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ለሌላ ሥራ የሚመደብ ከሆነ ግዥው ተበላሽቷል። ያገለገለ መኪና ገና በተገዛበት ሳምንት የሞተር፤ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፤ ፊልትሮዎች፤ ቺንጊያ፤ ባትሪና አብዛኛውን ጊዜም አራት ጎማ ይፈልጋል፤ በዓመቱ ውስጥም ፍሪሲዮንና ኩሽኔታ ይከተላሉ። ይህ ገንዘብ ከሻጩ ጋር የዋጋ ክርክር ከመጀመሩ በፊት ለብቻው ተቆርጦ፤ ከመኪናው ዋጋ ጋር በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ መጻፍ አለበት። መርማሪውም መካኒክ ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለውና ዋጋውን ከገዢው ብቻ የሚቀበል ሊሆን ይገባል፤ ያየውንም ጉድለት በፊርማው አረጋግጦ ለኮሚቴው ሲያቀርብ፤ ወረቀቱ ከሊብሬው ቅጂ ጋር በማኅበሩ መዝገብ ቤት ይቀመጣል።