ፈረሱ ወደ ሽንጡ ሲመለከት

ማለዳ ጋሪ ሊጠመድ የወጣው ፈረስ ፉርሽካውን አልነካም። አንገቱን አዙሮ ሽንጡን ያያል፤ በፊት እግሩ መሬቱን ይጭራል፤ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይተኛል። ማታ ደህና ነበር። አንዱ ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» ይላል፤ ሌላው በጠርሙስ ዘይት ይዞ እየሮጠ ይመጣል። ክፉው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ጠርሙስ ነው።

ፈረሱን የያዘው ቁርጠት ነው፤ ቁርጠት ግን ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ሰው «ሆዴን» ብሎ እንደሚጨነቀው ሁሉ፣ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር መበላሸቱን የሚናገር ምልክት ነው። ያ ነገር በራሱ የሚበርድ ጋዝ ሊሆን ይችላል፤ ደርቆ የተቆለፈ ገለባም ሊሆን ይችላል፤ ተጠማዝዞ ደም የተቋረጠበት አንጀትም ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሰዓት ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሐኪም መርምሮም ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ዋና ሥራ መድኃኒት መስጠት ሳይሆን፣ ይህ ፈረስ መጠበቅ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን መለየት ነው።

ውሻ ያልተስማማውን ያስመልሳል። ፈረስ አይችልም። ምግብ ወደ ጨጓራው የሚገባበት በር በጠንካራ ጡንቻ የታሰረ ስለሆነ፣ ጨጓራው ቢወጠር እንኳ ወደ ላይ አይመልስም፤ ይፈነዳል እንጂ። የፈረስ ጨጓራ ደግሞ ለገላው ትንሽ ነው፤ በትልቅ ፈረስ እንኳ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትልቁ አንጀት ሰፊ ሆኖ ይሄድና በግራ በኩል፣ ዳሌው አጠገብ፣ ታጥፎ በአንዴ ይጠባል። ውሃ ያነሰው ገለባ የሚቆለፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ መታጠፊያ ላይ ነው።

አሁን የጋሪ ፈረስን ውሎ ያስቡት። ጠዋት ደረቅ ፉርሽካ፣ ቀኑን ሙሉ ልጓም፣ ማታ ጭድ። ውሃ ሲመሽ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። ያለ ሥራ የቆመ ፈረስ ለየ100 ኪሎ ክብደቱ በቀን 5 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ እንግዲህ ጥላ ሥር ቆሞ እንኳ 12 ሊትር ተኩል ያህል ይጠጣል ማለት ነው፤ በበጋ ፀሐይ ሲሚንቶ ሲጎትት የዋለው እጥፉን ቢጠጣ አይበዛበትም። በብዙ ቤት «ያለ ምክንያት» የመጣ የተባለው ቁርጠት ምክንያቱ የትናንቱ ባልዲ ውስጥ ይገኛል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ገበያ ዳር የሚለቀቅ ፈረስ ሲርበው ፌስታል ይበላል፤ ላስቲኩ አይፈጭም፣ ሆዱ ውስጥ ይጠቀለላል። ጥርሱ ሾሎ የሚያመው ፈረስ ገለባውን ሳያደቅ ይውጣል፤ ያኘከውን እያድቦለቦለ መሬት ላይ ሲጥል ካዩ ጥርሱን ያስመርምሩ። የሆድ ትል ደግሞ የአንጀቱን ደም ሥር እስከማቁሰል ይደርሳል። ለበዓል ግልቢያ እንዲያምር ተብሎ በአንድ ሌሊት የተቆለለለት ገብስም ሆዱ ውስጥ ፈልቶ ይነፋዋል።

ወደ ማለዳው ፈረስ እንመለስ። በመጀመሪያ ምግቡን ሁሉ ከፊቱ ያንሱ። ጋሪውን ይርሱት። ከዚያ፣ እርግጫ እንዳያገኝዎት ትከሻው አጠገብ ቆመው፣ ይቁጠሩ። ከታችኛው መንጋጋ አጥንት ሥር የሚመታውን የደም ሥር በጣት ዳብሰው ለ30 ሴኮንድ ቆጥረው በ2 ያባዙ። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ከ60 ካለፈ ጉዳዩ ከቤት ወጥቷል። ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ይመልከቱ፤ ሐመር ሮዝና እርጥብ መሆን አለበት። በጣት ሲጫኑት የነጣው ቦታ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ካልቀላ፣ ወይም ድዱ ጠይም ቀይ አለዚያም ወደ ሰማያዊ የሄደ ከሆነ መጥፎ ነው። ጆሮዎን በሁለቱም በኩል ሽንጡ ላይ ያስጠጉ። ጤነኛ ሆድ ያጉረመርማል። ጭር ያለ ሆድ ከሚጮኸው ሆድ ይልቅ ሊያስፈራን ይገባል።

በረት ውስጥ ፋንድያ አለ? ስንት ቦታ? ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? ሐኪሙ ሲደወልለት መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው፤ መልሱን የያዘ ባለቤት ግማሹን መንገድ አሳጥሮለታል።

ስቃዩ ቀላል ከሆነ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀስ ብሎ ማራመድ ጋዙን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። እስኪዝል ድረስ መጎተት ግን ጉልበቱን ብቻ ይጨርሳል። መንከባለሉ አንጀቱን ይጠልፈዋል የሚለው ፍርሃት ከልክ አልፏል፤ ብዙውን ጊዜ አንጀቱ ከተጠመዘዘ በኋላ ነው የሚንከባለለው። ዝም ብሎ የተኛን ፈረስ በዱላ ማስነሳት ምንም አይጠቅመውም። ውሃ ከፈለገ ጥቂት በጥቂት ይስጡት።

ስለ ጠርሙሱ። አንገቱ ወደ ላይ ተጎትቶ በአፉ የሚፈስበት ዘይት በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ቁርጠቱ ቢለቀው እንኳ በሳንባ ምች ሊሞት ይችላል። ጨጓራው አስቀድሞ ሞልቶ ከሆነ ደግሞ የሚጨመርለት ሁሉ ወደ መፈንዳት የሚገፋ ነው። አረቄም፣ የሳሙና ውሃም፣ ለስላሳ መጠጥም ያው ናቸው። ሐኪም ዘይት ወይም ውሃ ሲሰጥ በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶ፣ መጀመሪያ ጨጓራው ውስጥ የታጨቀውን አስወጥቶ ነው። ሆዱን በጋለ ብረት መተኮስ ቁስል ይጨምርበታል እንጂ ምንም አያስታግስለትም። ከፋርማሲ በራስ የሚገዛ የሕመም ማስታገሻ መርፌም ስቃዩን ይሸፍንና የሐኪሙን ዓይን ያስታል።

ሐኪም ሳይጠሩ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ። ሳይሮጥ በላብ ከተጠመቀ፣ ራሱን መሬት ላይ እየወረወረ ከጣለ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ከተነፋ፣ ወይም በአፍንጫው አረንጓዴ ፈሳሽ ከወጣ። ሌላም አለ፤ ሲሰቃይ የቆየ ፈረስ በድንገት ጸጥ ቢል፣ ድዱ ግን ጠቁሮ ላቡም ቀዝቅዞ ከሆነ፣ አልተሻለውም፤ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ተቀዶ ይሆናል። በአብዛኞቹ ከተሞቻችን ለፈረስ የሆድ ቀዶ ጥገና የሚሠራበት ቦታ የለም። ስለዚህ አስቀድሞ መደወል ሁለት ጥቅም አለው፤ የሚድነውን ያድናል፣ የማይድነውም ሌሊቱን ሙሉ እንዳይሰቃይ ያደርጋል።

ከተሻለው በኋላ ያለው ችግር ደግሞ ደስታ ነው። ባለቤቱ ለካሳ ያህል ሙሉ ግርግም ያቀርብለታል፤ ቁርጠቱም ማታውን ይመለሳል። ፋንድያ እስኪጥል ይጠበቅ። ከዚያ አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሌላ እፍኝ። ፉርሽካው ሲመለስ በውሃ ርሶ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተጨመረ፣ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ወደ ቀድሞው ልክ ይድረስ። ጋሪው ያለበት ይቆያል። የውሃ ገንዳው ግን ከዚያች ማለዳ ጀምሮ ባዶ መገኘት የለበትም።