የውሻ ምግብና የእርድ ተረፈ ምርት፦ ከታሸገው ከረጢት እስከ መካነ ሰላም ደጋ

ከውጭ አገር የሚገባ የቤት እንስሳት ምግብ ደህንነት ዓለም አቀፍ መነጋገሪያ የሆነው በተለይ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ ውሾችና ድመቶች ኩላሊታቸው እየተጎዳ ሲሞቱ፣ በምግባቸው የገባው ከቻይና የተገዛ የስንዴ ግሉተን (የስንዴ ፕሮቲን) ሜላሚን የተባለ ኬሚካል እንደተቀላቀለበት ታወቀ። ሜላሚን ለፕላስቲክ ሥራ የሚውል፣ ናይትሮጅን የበዛበት ነገር ነው፤ በተለመደው ምርመራ ፕሮቲን የሚገመተው በናይትሮጅን መጠን በመሆኑ፣ ደካማው ምርት የተሻለ መስሎ ለመሸጥ በቃ። ይኸው ማጭበርበር በዓመቱ በቻይና የሕፃናት የዱቄት ወተት ላይ ተደገመ።

በኢትዮጵያ መኖን ማስገባት፣ ማምረትና ማከፋፈል በአዋጅ ቁጥር 728/2004 ቁጥጥር ሥር ውሏል። ይሁንና የታሸገ የውሻ ምግብ በዋናነት የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው፤ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች በጎችን ከጅብና ከቀበሮ የሚጠብቀው ውሻ የሚኖረው በእንጀራ ፍርፋሪና ከእርድ በሚተርፍ ሆድ ዕቃ በመሆኑ፣ የደህንነቱ ጥያቄ መነሳት ያለበት በጉምሩክ በር ሳይሆን በእርድ ቦታ ነው።

በታረደ በግ ጉበትና ሳንባ ላይ አንዳንድ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይገኛል፤ ለሰው የማይሆን ነውና ለውሻ ይጣላል። ከረጢቱ ግን ኤኪኖኮከስ የሚባል እጅግ ትንሽ የኮሶ ትል እጭ የሚያድግበት ነው፤ ውሻው ሲበላው እጮቹ በአንጀቱ ውስጥ ጎልምሰው እንቁላል ይጥላሉ፣ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በሣሩና በውሃው ላይ ይበተናል፣ ከዚያም በጉ ሲግጥ፣ ሕፃኑም ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይውጡታል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ያደገው ከረጢት ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ውሻው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይታመም፣ ባለቤቱ ምግቡን የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም፤ ከሜላሚኑ የሚከፋውም በዚህ ነው።

የበግ አገር የሆነችው ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1959 ይህን በሽታ የሚመለከት ሕግ አውጥታ፣ ጥሬ ሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠትን በመከልከልና የውሾችን ሕክምና በማጠናከር በ2002 በጊዜያዊነት ከበሽታው ነፃ ለመባል በቅታለች። በመካነ ሰላም ዙሪያ ግን በግ በአብዛኛው የሚታረደው በየቤቱ፣ በተለይም በበዓል ቀን ስለሆነ፣ የሥጋ መርማሪ ሊደርስበት አይችልም፤ ስለዚህ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በአራጁ ላይ ነው። ከረጢት የታየበት ጉበትና ሳንባ ለውሻ ከመሰጠቱ በፊት በሚገባ ይቀቀል፤ ይህ ካልተቻለም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር።