የልብ ድካም ሕመምተኛና የሰውነቱ ክብደት

በልብ ድካም የታመመውን ሰው ሊጠይቁ የሚመጡ ዘመዶች አስቀድመው የሚመለከቱት ገላውን ነው። ፊቱ ሞላ፥ እግሩም ወፈር ብሎ ያገኙት እንደ ሆነ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሰውነትህ ተመለሰ» ብለው ደስ ይላቸዋል። ከስቶ ያገኙት እንደ ሆነ ግን ያዝናሉ። ከዚህ አስተያየታቸው ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን ብርቱ ስሕተት ነው። ስሕተቱም ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል ነገሩን ዘርዘር አድርጎ መግለጽ አስፈላጊ ሆኗል።

የልብ ድካም ማለት ልብ ፈጽሞ ቆመ ማለት አይደለም። ልብ ደምን ወደ መላው አካል የመግፋት ኀይሉ ሲቀንስ፥ ወይም ጡንቻው ደንድኖ የሚመጣለትን ደም እንደሚገባ መቀበል ሲሳነው፥ ደሙ ወደ ኋላ ይታቆራል። ኩላሊትም በቂ ደም ስለማይደርሰው ጨውንና ውሃን ከማስወጣት ይልቅ በሰውነት ውስጥ ያስቀራል። ይህ ውሃ በእግር፥ በሆድና በሳንባ ይጠራቀማል። በአገራችን በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ቫልቮች የሚያበላሸው በሽታ ወጣቶችን ሳይቀር ለዚህ ይዳርጋል፤ የደም ብዛትም እንደዚሁ ነው።

ከመጠን ያለፈ ውፍረትም አንዱ ምክንያት ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው በፍራሚንግሃም ከተማ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ የነዋሪዎች የልብ ጤንነት ይጠናል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2002 ዓ.ም. በወጣው ውጤት መሠረት፥ ከተመረመሩት 5,881 ሰዎች መካከል እጅግ የወፈሩት በልብ ድካም የመያዛቸው ዕድል መካከለኛ ክብደት ካላቸው ሰዎች ሁለት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

ሐኪሞችን ያስገረማቸው ግን ሕመሙ ከያዘ በኋላ የታየው ነገር ነው። በ2001 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የልብ ድካም የጸናባቸውን 1,203 ሕመምተኞች ተከታትለው፥ ወፍራሞቹ ከቀጫጮቹ ይልቅ በሕይወት የመቈየት ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን ገለጹ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 28,209 ሕመምተኞችን የያዙ 9 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረመሩ ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ። እንግዲህ ሕመሙን የሚያመጣው ውፍረት ከመጣ በኋላ ጠባቂ ሆነ ማለት ነውን?

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ክሳትን መመርመር ይገባል። በ1997 ዓ.ም. በለንደን 171 የልብ ድካም ሕመምተኞች በተጠኑ ጊዜ፥ በ6 ወር ወይም ከዚያ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ሳያስቡት ከክብደታቸው ከመቶ 7.5 በላይ የቀነሱት ለብቻ ተለይተው ታዩ። ይህ መጠን 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አራት ኪሎ ተኩል ያህል መሆኑ ነው። 18 ወር ሲሞላ ከእነዚህ መካከል ግማሾቹ ሞቱ፤ ካልከሱት ግን የሞቱት ከመቶ 17 ብቻ ነበሩ። ክሳቱ የሚመጣው በምግብ እጦት ብቻ አይደለም። አንጀትና ጉበት በታቆረው ደም ስለሚያብጡ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ሕመሙም ራሱ ሰውነት የገዛ ጡንቻውን እንዲያፈርስ ያደርገዋል።

ይልቁንም አደገኛ የሚሆነው ክሳቱ በውሃ ሲሸፈን ነው። ሕመምተኛው 4 ኪሎ ሥጋ አጥቶ 4 ኪሎ ውሃ ቢያጠራቅም ሚዛኑ ያው 60 ኪሎ ይላል፤ ጠያቂውም ያበጠውን እግር አይቶ «ወፍረሃል» ይላል። የጥንቶቹ የግሪክ ሐኪሞች እንኳ ትከሻና ደረት ሲመነምን ሆድና እግር በውሃ እንደሚሞላ አስተውለው ጽፈዋል።

ስብ በራሱ ይጠብቃል የሚለው ግምት ግን እየደከመ ሄዷል። ወፍራም ሰው ቶሎ ስለሚያለከልክ ቀደም ብሎ ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ በሕመሙ የመነመኑትም ከቀጫጮቹ ጋራ ተቈጥረው የእነዚያን የሞት ቍጥር ያበዙታል። ደግሞም ጥናቶቹ የተመኩበት ስሌት፥ ማለት ኪሎን በቁመት ካሬ ማካፈል፥ ውሃን ከስብ፥ ስብንም ከጡንቻ አይለይም። በ2023 ዓ.ም. የ8,399 ሕመምተኞች መረጃ የወገብ ዙሪያ ከቁመት ጋራ ተነጻጽሮ ሲመረመር የውፍረት ጥቅም የተባለው ጠፋ፤ እንዲያውም ወገበ ሰፊዎቹ በልብ ድካም ምክንያት ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆነ። በዚያው ዓመት ልባቸው ደንድኖ ደም መቀበል በተሳነውና እጅግ በወፈሩ 529 ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ሙከራ፥ ክብደት የሚቀንስ መድኃኒት የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ሕመማቸው ቀለል ብሎላቸዋል። ስለዚህ በሐኪም ምክር የሚደረግ መቀነስና ሳይታወቅ የሚመጣ ክሳት አንድ አይደሉም።

ሚዛን ያለው ሕመምተኛ ጠዋት ጠዋት ሽንቱን ሸንቶ፥ ቁርስ ሳይበላ፥ ልብሱንም ሳይለዋውጥ በአንድ ሚዛን ተመዝኖ በደብተር ይጻፍ። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ የጨመረ እንደ ሆነ ውሃ ነውና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሚዛን የሌለው ቅልጥሙን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ይልቀቀው፤ ጎድጉዶ ከቀረ እብጠት አለ። ጫማ ሲጠብ፥ ለመተኛትም ትራስ መደራረብ ሲያስፈልግ ምልክቱ ያው ነው። ክሳትን ለማወቅ ግን እግርና ሆድ አያገለግሉም፤ ክንድን፥ ትከሻንና ጉንጭን መመልከት ይሻላል።

ምግብን በተመለከተ አንዳንድ ቤተሰብ «ልቡን እንዳይከብደው» በማለት ሕመምተኛውን ያስርቡታል፤ ይህ ትክክል አይደለም። መቀነስ ያለበት ጨው ነው፤ በወጡ ብቻ ሳይሆን በበርበሬውና በሽሮው የተቀላቀለውም ይቈጠራል። ምስር፥ ሽምብራ፥ ዕንቁላልና ወተት ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ቶሎ ቶሎ ቢሰጠው አንድ ጊዜ ከሚቀርብ ትልቅ ገበታ ይሻለዋል። ጾመኛ የሆነም ስለ ጾሙ ከሐኪሙና ከንስሓ አባቱ ጋራ ይመካከር። የክብደቱን ደብተር በቀጠሮው ቀን ይዞት ይሂድ፤ የሚያሸናውን መድኃኒት መጠን ለመጨመር ወይም ለመቀነስ ሐኪሙ ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።