ማሽኑ ሞተ፣ መዝገቡ ግን አልሞተም

ባለፈው ክረምት ጉደር የሚኖረው አጎቴ ደወለልኝ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሱቁ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ተቃጥሏል። «ለዕቃው አይደለም የምጨነቀው፣ ለዱቤው መዝገብ ነው» አለኝ። አጎቴ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ይሸጣል። ገበሬው በዱቤ ወስዶ የሚከፍለው ጤፉ ሲወቃ ነው። ዝርዝሩ ከጠፋ ገንዘቡም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። እኛ ቤት ግን ላፕቶፕ የያዘ ሁሉ ጠጋኝ ነው። ከአምቦ ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነበር። አንዱ ሃርድ ዲስክ ሲሞላ ሌላ ተጨምሮ፣ ኤልቪኤም በሚባለው ሥርዓት ሁለቱ እንደ አንድ ማከማቻ ተጣምረዋል። ጥምረቱ ቮልዩም ግሩፕ ይባላል።

ከእኔ በፊት የጎረቤት ልጅ አንዱን ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ሰክቶት ነበር። ዊንዶውስ ይህን አደረጃጀት ስለማያውቀው «ፎርማት ላድርገው?» አለ። ልጁ ፈርቶ ነቀለው። እሱ ፍርሃት ነው ያዳነን!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤልቪኤም የቡድኑን ዝርዝር በማሽኑ ላይ ብቻ አይተወውም፤ በየዲስኩ መጀመሪያም ይጽፈዋል። እቁብን አስቡት፤ ጸሐፊው ቢታመም የአባላቱ ስም በእያንዳንዱ አባል ኪስ አለ።

ስለዚህ አዲስ ነገር አልፈጠርንም። ሁለቱንም ዲስኮች ሊኑክስ ያለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካን። «ፒቪስካን» በሚለው ትእዛዝ ዲስኮቹን፣ «ቪጂኤስ» በሚለው ቡድኑ አለመጉደሉን አየን። «ቪጂቼንጅ» ቡድኑን አነቃው። ከዚያ ለማንበብ ብቻ ከፍተን ሁሉንም ገለበጥን።

አሮጌው ማሽን በሕይወት ቢኖር ኖሮ ሥርዓቱ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ «ቪጂኤክስፖርት»፣ አዲሱ ማሽን ላይ ደግሞ «ቪጂኢምፖርት»። ቤት ስንቀይር ከቀበሌ መሸኛ እንደምናወጣው መሆኑ ነው። ከሞተ ማሽን ግን መሸኛ አይጠበቅም።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። «ፒቪክሪኤት» የሚለው ትእዛዝ ዲስኩን እንደ አዲስ ስለሚያዘጋጅ የነበረውን ዝርዝር ያጠፋል፤ እዚህ ቦታ የለውም። ደግሞም ማጣመር ቅጂ መያዝ አይደለም፤ ከሁለቱ አንዱ ዲስክ ቢሞት ኖሮ መዝገቡ ይጎድል ነበር።

የኮምፒውተሩ ዋጋ ደረሰኝ ላይ አለ። የዱቤው መዝገብ ዋጋ ግን የትም አልተጻፈም፤ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። አጎቴ አሁን በየሳምንቱ ቅጂ ያስቀምጣል። ከሆለታ እስከ ባኮ ሱቅ ያላችሁ ሁሉ፣ ስክሪኑ «ፎርማት ላድርገው?» ካላችሁ መልሱ «ቆይ» ነው።