ያኮረፈ ኮራል

ባሕርን በመስታወት ገንዳ ቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ስለ ለስላሳ ኮራል ሲያወሩ «እሱማ ለጀማሪ ነው» ማለት ይቀናቸዋል። ሻጩም አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው። ደንበኛው ትንሽ ልምድ ሲያካብት ወደ ድንጋያማዎቹ፣ ወደ ውዶቹ ይመራዋል፤ ለስላሳዎቹም ርካሽና ቻይ ተብለው ጥግ ይይዛሉ። ትዝ የሚሉት ሲያኮርፉ ብቻ ነው። ትናንት ፈክቶ ሲወዛወዝ ያመሸው ኮራል ጠዋት ተኮማትሮ፣ ደብዝዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲገኝ ቤቱ ይታመሳል። እኔ ጥብቅና የምቆመው ለዚሁ ኩርፊያቸው ነው።

ኮራል እንስሳ መሆኑን ለማስረዳት አልደክምም። ለስላሳውን ከድንጋያማው ለመለየት የፖሊፑን፣ ማለትም የእያንዳንዷን ትንሽ የኮራል እንስሳ፣ ጣቶች መቁጠር ይበቃል፦ የለስላሳው ስምንት ናቸው፣ ዳር ዳራቸውም የተተለተለ ነው፤ የድንጋያማው ስድስት ወይም የስድስት ብዜት ናቸው። ለስላሳው የድንጋይ አጽም ባይሠራም በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን የኖራ መርፌዎች ተሰግስገውበታል። ቤት ውስጥ የሚያዙት አብዛኞቹ ቀለባቸውን የሚያገኙት በሥጋቸው ውስጥ ከሚኖሩና በብርሃን ምግብ ከሚሠሩ አልጌዎች ነው። ስለዚህ ብርሃን፣ የጨው ውኃና የውኃ እንቅስቃሴ ይፈልጋሉ። ይህን ሻጩም ይነግራችኋል።

ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚዘለው የሳርኮፋይተንን ጠባይ ነው። በገበያ «ሌዘር ኮራል» የሚባለው ነው፤ ወፍራም ግንድና የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ሰፊ አናት አለው። ፊታችሁን ወደ መስታወቱ አስጠግታችሁ ብትመለከቱት አናቱ ላይ ሁለት ዓይነት ፖሊፕ ታያላችሁ። ረጃጅሞቹ ጣታቸውን ዘርግተው ይወዛወዛሉ። በእነሱ መሐል ደግሞ ነጠብጣብ የሚመስሉ፣ ከአናቱ ብዙም ከፍ የማይሉ ሌሎች አሉ፤ የእነዚህ ሥራ ውኃን በኮራሉ ገላ ውስጥ ማንቀሳቀስ ነው። ብዙ ባለቤት ዓመት ሙሉ አብሯቸው ኖሮ ሁለተኞቹን አያውቃቸውም።

ይህ ኮራል በየጊዜው ይዘጋል። መጀመሪያ ረጃጅሞቹ ፖሊፖች ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ አናቱ ልሙጥ ይሆናል። ቀጥሎ ሰም የተቀባ ይመስል ማብረቅረቅ ይጀምራል። ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ይታጠፋል፣ አቧራና አረንጓዴ አልጌ ይለጠፍበታል። ከዚያ ያ ሰም የመሰለው ስስ ሽፋን ከዳር መነሣት ይጀምርና በቁራጭ በቁራጭ እየተላጠ በውኃው ይወሰዳል። ከሥሩ አዲስ ገጽ ይወጣል፤ ፖሊፖቹም አንድ ሁለት እያሉ ብቅ ይላሉ። ነገሩ በጥቂት ቀን ሊያልቅ ይችላል፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት የሚቆይበት ጊዜም አለ። ኮራል ተነሥቶ የሚሄድበት እግር፣ ገላውን የሚጠርግበት እጅ የለውም። የሚያርፍበትን ቆሻሻና የሚበቅልበትን አልጌ የሚያራግፈው ከላይኛው ሽፋን ጋር ነው። እኛ በሽታ የምንለው ገላ መታጠቡን ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ ከባለቤቱ እጅ ነው። ኮራሉ ሲዘጋ ያየ ሰው መጀመሪያ ቦታ ይቀይርለታል። በማግስቱ መብራቱን ይቀንሳል። ማታ አዮዲን ያንጠባጥባል። ሦስተኛው ቀን ላይ ግማሹን ውኃ ይለውጥና ኮራሉን አውጥቶ መድኃኒት ውስጥ ይነክረዋል። ሽፋኑን ሊያራግፍ የነበረው ፍጥረት አሁን አዲስ ብርሃን፣ አዲስ የውኃ ግፊትና አዲስ ኬሚካል መልመድ አለበት፤ ስለዚህ እንደገና ይዘጋል። ባለቤቱም «ይኸው ባሰበት» ይላል። ያን ሁሉ ነገር ባንድ ሳምንት የለወጠ ሰው እውነተኛ ችግር ቢኖር እንኳ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? አንድ ነገር ለውጡ፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስባችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቁ።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ አንድ ቀን ደውለው «ልጄ፣ ይኼ ነገር አልቆለታል፤ ከመጣሌ በፊት እየው» አሉኝ። ስደርስ ሌዘር ኮራላቸው በባልዲ ውስጥ ተቀምጦ የቆሻሻ ከረጢቱ ከጎኑ ተዘርግቷል።

«ጋሼ፣ አሽተውታል?» አልኳቸው።

«ምኑን ነው የማሸተው?»

የሞተ ለስላሳ ኮራል ይገማል። ትንሽ ጠረን ማለቴ አይደለም፤ ቤቱን የሚያስለቅቅ ግማት ነው። የእሳቸው ግን ባሕር ባሕር ይሸታል። በጓንት ግንዱን ጫን ሳደርገው ጠንካራ ነው፤ አናቱ ላይ ሽፋኑ በአንድ ወገን ተነሥቶ ይርገበገባል። የነበረበት ቦታ መለስነው፤ ወደ ሌላ ጥግ ዞሮ የነበረውን ፓምፕ ትንሽ ወደ እሱ አቀናነው፤ ከዚያ ሻይ ጠጣን። በማግስቱም በሳልስቱም ደውለው «አሁንም እንደተዘጋ ነው» ሲሉኝ «ይተዉት» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ሲከፈት ግን አልደወሉም፤ የሰማሁት ከልጃቸው ነው።

ስለዚህ ከመደንገጥ በፊት አሽትቱ፣ ዳስሱ። ሥጋው ጠንካራ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ወደ ዝልግልግ ነገር እየተለወጠ የሚረግፍ፣ ግንዱ ላይ የጠቆረና የበሰበሰ ቦታ ያለው ከሆነ ግን መጠበቅ አይገባም፤ በንጹሕ ምላጭ የበሰበሰውን አልፋችሁ ጤነኛው ሥጋ ድረስ ቁረጡት። ሌዘር ኮራል መቆረጥን ይችላል፤ ከተረፈው ቁራጭ ራሱን ይሠራል። ሽፋኑን ግን በጣታችሁ አትላጡ። የሚያስፈልገው ሽፋኑን ጠርጎ የሚወስድ፣ አቅጣጫው የሚቀያየር የውኃ እንቅስቃሴ ነው፤ ፊት ለፊት የሚገርፍ ቀጥተኛ ግፊት ራሱ እንዲዘጋ ያደርገዋል። ክላውንፊሽ ካላችሁም እዩት፤ መኖሪያ ያጣ ክላውንፊሽ ሌዘር ኮራሉን ቤቱ አድርጎ ቀን ሙሉ ሲታሸበት ኮራሉ አልከፈት ይላል።

እነዚህ ገር የሚመስሉ ፍጥረታት መርዘኞች መሆናቸውም ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ1974 የእስራኤል ተመራማሪዎች ከቀይ ባሕር የሳርኮፋይተን ዝርያ ሳርኮፋይን የተባለ ውህድ አውጥተው አሳትመዋል፤ ዓሣን የሚመርዝ ነው። ኮራሉ የማይሸሽና የማይናከስ ስለሆነ ጎረቤቱን የሚገፋው በኬሚካል ነው። ሰፊ ባሕር ላይ ይህ ታጥቦ ይሄዳል፤ ጠባብ ገንዳ ውስጥ ግን ሁሉም አንዱ የለቀቀውን ይጠጣል። ድንጋያማ ኮራላችሁ ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ጠይቁ። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በማጣሪያው ውስጥ አክቲቬትድ ካርቦን አድርጉ፤ በየወሩ ገደማ ለውጡት። ካርቦኑን ገዝቶ ስድስት ወር ሳይለውጠው የሚተው ሰው ገንዘቡን ብቻ ነው ያወጣው።

ውኃን በተመለከተ ሰዎች ከሃያ ነገር አንዱን ብቻ ይለኩ ቢባል ጨዋማነትን በሉ። ዒላማው በሺህ 35 ገደማ ነው። ርካሹ ባለ መርፌ መለኪያ፣ መርፌው ላይ አረፋ ከተለጠፈ ይዋሻል። በብርሃን የሚለካው ሪፍራክቶሜትርም ጨዋማነቱ 35 በሆነ መለኪያ ፈሳሽ ካልተስተካከለ ከእሱ አይሻልም። የሚተነው ውኃው ነው፤ ጨው አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለውን በተጣራ ጨው አልባ ውኃ ሙሉ። ሰሜናዊ ቀይ ባሕር በሺህ 40 ደርሶ ኮራሎቹ ደልቷቸው ይኖራሉ፤ ኮራልን የሚጎዳው የቁጥሩ ዛሬ ወዲህ ነገ ወዲያ ማለት ነው። የቧንቧ ውኃም ተዉ፤ ክሎሪኑ ባይገድል መዳቡ ሊገድል ይችላል። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ደግሞ ኮራል ያለበት ገንዳ አጠገብ አይድረስ።

«ናይትሬቴ ዜሮ ነው፣ ፎስፌቴ ዜሮ ነው» እያለ የሚፎክርም አለ። ለለስላሳ ኮራል ይህ ረሃብ ነው። ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን ይስማማዋል። ስኪመሩን (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን ማጣሪያ) ሌት ተቀን እያስጮኹ፣ ዓሣ እያስራቡ ኮራሉ ለምን እየከሳ እንደሄደ መጠየቅ አያምርም።

ሌሎቹ ለስላሳዎችም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ዜኒያ የሚባሉት ጣታቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፤ ቀን ሙሉ ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በእስራኤሏ ኤይላት የተሠራ ጥናት የዚሁ ቤተሰብ የሆነችው ሄተሮዜኒያ ይህን የምታደርገው ለምን እንደሆነ አሳይቷል፤ እንቅስቃሴው ኦክስጅኑን ከገላዋ ስለሚያርቅላት ምግብ የመሥራት አቅሟ እስከ አሥር እጥፍ ከፍ ይላል። ያው ጥናት ሌላም ነገር አይቷል፦ ከሰዓት በኋላ አረፍ ትላለች። ስለዚህ ያን ጊዜ ቆማ ብታገኟት ሐኪም አትጥሩ። ይህችን ፍጥረት እ.ኤ.አ. በ1834 ለሳይንስ ያስተዋወቃት ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤረንበርግ ነው፤ የቀይ ባሕር ጉዞ ጓደኛው ሄምፕሪሽ እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ላይ ሞቶ ቀርቷል። ቀይ ባሕርን ለማወቅ ነፍስ የተከፈለበት ጊዜ ነበር።

«ኬንያ ትሪ» የሚሉት ደግሞ ቅርንጫፉን ይጥላል። ባለቤቶቹ ይህን ሲያዩ ያለቅሳሉ፤ እሱ ግን እየተባዛ ነው። የወደቀው ድንጋይ ላይ ተጣብቆ አዲስ ዛፍ ይሆናል፤ ጥቂት ወር ካለፈ በኋላ የምታለቅሱት በዝቶባችሁ ይሆናል።

ከለስላሳዎቹ ጎን የሚሸጡት ዞአንቲዶች ዘራቸው ሌላ ቢሆንም ሰው ይቀላቅላቸዋል፤ ስለዚህ እዚሁ ልናገር። አንዳንዶቹ፣ በተለይ ፓሊቶአ የሚባሉት፣ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አላቸው። እነሱ የበቀሉበትን፣ የሰለቻችሁን ድንጋይ ለማጽዳት አታፍሉት፣ የፈላ ውኃም አታፍስሱበት፣ ከውኃ አውጥታችሁ በብሩሽ አትፈግፍጉት፤ እንፋሎቱ ቤተሰቡን ከነልጆቹ ሆስፒታል ያስገባበት አጋጣሚ አለ። ዞአንቲዶቹን ስትቆርጡ ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ።