ገጹ እስኪሞላ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ባንኮች የውጭ ምንዛሪ ዋጋቸውን በየራሳቸው ይተምናሉ። ብሔራዊ ባንክ በዚያ ዕለት ገበያ መር ሥርዓት ከማወጁ በፊት በባንኮች መካከል የነበረው ልዩነት ጠባብ ስለነበር የአንዱን ማየት የሁሉንም እንደማየት ይቆጠር ነበር። አሁን ግን ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሆኖ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ሰው፣ አዲስ አበባ ላይ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ የገበያውን አካሄድ የሚከታተል ጋዜጠኛ የብዙ ባንኮችን ዋጋ ጎን ለጎን ማየት ይፈልጋል። ዋጋው በየባንኩ ድረ ገጽ ላይ አለ። በየማለዳው ገጾቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ቁጥር መገልበጥ ግን አሰልቺ ነው፤ ስሕተትም ይበዛበታል። ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው ሥራውን ለኮምፒውተር ሊያስረክብ ቢያስብ አይገርምም።

ብዙ ጀማሪ የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። በፓይተን ጥቂት መስመሮች ጽፎ ገጹን ከሰርቨሩ ያስመጣል። ርእሱ መጥቷል፣ ሜኑው መጥቷል፣ የሠንጠረዡ ራስጌም መጥቷል፤ ቁጥሮቹ ግን የሉም። ያንኑ ገጽ በስልኩ ሲከፍተው ሞልቶ ያገኘዋል። ኮዱ አልተሳሳተም፤ ሰርቨሩም አልከለከለውም። ቁጥሮቹ መጀመሪያውኑ በዚያ ሰነድ ውስጥ አልነበሩም።

ድሮ ድረ ገጽ አንድ ወጥ ሰነድ ነበር፤ ሰርቨሩ ሙሉውን ይልካል፣ ብራውዘሩ ያሳያል። ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ በብሬንዳን አይክ ሲፈጠርም በገጹ ላይ የነበረው ድርሻ ትንሽ ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው ማይክሮሶፍት በ1999 በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ውስጥ አንድ አዲስ ችሎታ ሲጨምር ነው፤ ገጹ ሳይታደስ ከበስተጀርባ ከሰርቨሩ ጋር መነጋገር ተቻለ። መጀመሪያ የታሰበው ለአውትሉክ የኢሜይል ገጽ ነበር። ጂሜይል በ2004፣ ጉግል ማፕስ በ2005 ይህንኑ ይዘው ሲመጡ ሌላው ሁሉ ተከተለ። ዛሬ ሪአክት በተባለው የጃቫስክሪፕት ገጽ መሥሪያና በመሰሎቹ የተሠራ ገጽ ብዙ ጊዜ ከሰርቨሩ የሚወጣው ባዶ ቅርፊትና የጃቫስክሪፕት ፋይል ሆኖ ነው። ፋይሉ ብራውዘሩ ውስጥ ይሮጣል፣ ዳታውን ይጠራል፣ ዳታው ሲደርስ ገጹን ይገነባል። የጀማሪው ኮድ ቅርፊቱን ተቀብሎ ይቆማል፤ ጃቫስክሪፕቱን የሚያስኬድለት የለም።

እንግዲህ እውነተኛ ብራውዘር ከፍቶ በኮድ መንዳት ሊያስፈልግ ነው። ይህን መንገድ የጠረጉት ዳታ ሰብሳቢዎች ሳይሆኑ ሶፍትዌር ፈታሾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቺካጎ ውስጥ በቶውትወርክስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጄሰን ሃጊንስ የኩባንያውን የሥራ ሰዓትና የወጪ መመዝገቢያ ፕሮግራም በእጅ ደጋግሞ መፈተሽን ለማስቀረት ሴሌኒየምን ጻፈ። የመጀመሪያው ሴሌኒየም ራሱ ጃቫስክሪፕት ሆኖ ወደ ገጹ የሚገባ ስለነበር፣ የአንዱ ድረ ገጽ ኮድ የሌላውን ይዘት እንዳይነካ የሚያግደው የብራውዘር ደኅንነት ደንብ ጠፍሮ ይይዘው ነበር። ሳይመን ስቱዋርት የጀመረው ዌብድራይቨር ግን ብራውዘሩን ከውጭ ሆኖ አዘዘው። ሁለቱ በ2011 በወጣው ሴሌኒየም 2 ተዋሐዱ፤ ዌብድራይቨርም በ2018 ይፋዊ የድር ደረጃ ሆነ። ይህ ደረጃ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ለአንድ ዓይነት ትእዛዝ ይታዘዛሉ ማለት ነው።

ፕሮግራሙ ‘ይህን አድራሻ ክፈት’፣ ‘ይህን በተን ተጫን’፣ ‘የዚህን ሕዋስ ጽሑፍ አንብብልኝ’ የሚል መልእክት ድራይቨር ለሚባል ትንሽ አስተርጓሚ ይልካል፤ ድራይቨሩ ለብራውዘሩ ያደርሳል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ መስኮት ሳይከፍት መሥራት ስለቻለ ሥራው ሁሉ ስክሪን በሌለው ሰርቨር ላይ ሊካሄድ ይችላል። በዚያው ዓመት ጉግል ለዚሁ ሥራ ፓፔቲየርን አወጣ፤ ከሠሪዎቹ አንዳንዶቹ ወደ ማይክሮሶፍት ተሻግረው በ2020 ፕሌይራይትን ይዘው መጡ። እነዚህ ሁለቱ ከብራውዘሩ ጋር የሚገናኙት ሳይቋረጥ ክፍት በሚቆይ መስመር ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ እየደጋገመ ‘ደረሰ ወይ?’ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ብራውዘሩ ራሱ ‘ይህ መልስ ገባ፣ ያ መስኮት ተከፈተ’ እያለ ይነግረዋል። ለአዲስ ጀማሪ የምመክረው ፕሌይራይትን ነው፤ ምክንያቱም የዚህን ሥራ ዋና ችግር ከሌሎቹ በተሻለ ይይዘዋል።

ዋናው ችግር መጠበቅ ነው። ብራውዘር መክፈትና በተን መጫን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል፤ መቼ ማንበብ እንዳለበት ማወቅ ግን ሥራውን በእርግጥ የሚያውቀውን ሰው ይለያል። ሰው ገጽ ሲከፍት ክቧ መዞሯን ስታቆም፣ ቁጥሩ ብቅ ሲል ያያል። ኮዱ ካልነገሩት አያይም። የጀማሪ የመጀመሪያ መላ ‘አምስት ሴኮንድ ቆይ’ ብሎ መጻፍ ነው። ኔትወርኩ ፈጣን ሲሆን ገጹ በአንድ ሴኮንድ ይሞላና አራቱ በከንቱ ያልፋል፤ ሺህ ገጽ ላይ ሲባዛ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሆናል። ምሽት ላይ ኮኔክሽኑ ሲንቀራፈፍ ደግሞ አምስቱ አይበቃም። ባዶ ቢመጣ እንኳ ጥሩ ነበር፣ ይታወቃል። የከፋው ገጹ በግማሽ ሞልቶ ሲነበብ ነው፤ ከሠላሳ መስመር አሥራ ስምንቱ ይመጣል፣ ፕሮግራሙ ስሕተት ሳያሳይ ይጨርሳል፣ የጎደለው ቁጥር ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ውሳኔ ይወሰንበታል።

ጎበዝ እንጀራ ጋጋሪ ደቂቃ አትቆጥርም፤ ሊጡን አፍስሳ ዓይኑ ሲወጣ ታያለች፣ ያን ጊዜ ትከድናለች። ኮዱም እንዲሁ ምልክት ሊሰጠው ይገባል። ሴሌኒየም ውስጥ ‘ይህ ነገር እስኪሆን ጠብቅ’ የሚል ትእዛዝ አለ፤ በየግማሽ ሴኮንዱ ያያል፣ ሲሆን ወዲያው ይቀጥላል፣ የተሰጠው ጊዜ ካለፈ ደግሞ ስሕተት ብሎ ይጮኻል። ጩኸቱ ራሱ ጥቅም ነው። ምልክቱን መምረጥ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሠንጠረዡ ማዕቀፍ ከቁጥሮቹ ቀድሞ ስለሚመጣ ማዕቀፉን የሚጠብቅ ኮድ ባዶ ያነባል፤ መጠበቅ ያለበት የሚፈለገው ቁጥር ራሱ በሕዋሱ ውስጥ መግባቱን ነው። ‘ኔትወርኩ ጸጥ እስኪል’ ብሎ መጠበቅም ያታልላል፤ ስንት ጎብኚ እንደገባ የሚቆጥር መሣሪያ የተገጠመለት ገጽ ጸጥ ላይል ይችላል። ፕሌይራይት ደግሞ አንድ በተን ከመጫኑ በፊት በተኑ መታየቱን፣ መንቀሳቀስ ማቆሙን፣ ሥራ ላይ መሆኑንና በሌላ ነገር አለመሸፈኑን በራሱ ያረጋግጣል። ‘ኩኪ ተቀበል’ የሚል ሰሌዳ የሸፈነውን በተን ለመጫን በከንቱ የታገለ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል።

ወደ ታች በሄዱ ቁጥር የሚጨምሩ ረጃጅም ዝርዝሮች የመጠበቅን ጥያቄ ያከብዱታል፤ መጨረሻቸው የት እንደሆነ አይናገሩም። አንዳንዶቹ ማኅደረ ትውስታ ለመቆጠብ ከዓይን የራቀውን መስመር ከገጹ ላይ ያነሱታል። እስከ ታች ወርዶ በመጨረሻ ሊያነብ የሚነሳ ኮድ የሚያገኘው የመጨረሻዎቹን ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው። እየወረዱ መልቀም፣ ለእያንዳንዱ መስመር መለያ ይዞ የተደገመውን መጣል፣ ጥቂት ጊዜ ተሞክሮ አዲስ መስመር ሳይመጣ ሲቀር ማቆም ይሻላል።

ይህን ሁሉ ከመጀመር በፊት ግን አንድ ነገር መታየት አለበት፤ በእኔ እምነት ከሁሉም ይበልጣል። በኮምፒውተር ብራውዘር ላይ ኤፍ12ን ተጭኖ የኔትወርክ ክፍሉን ከፍቶ ገጹን ማደስ ነው። ቅርፊቱ ዳታውን ከየት እንደሚጠራ እዚያ ላይ በግልጽ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚጠራው ጄሶን በሚባል የዳታ አጻጻፍ የተሰናዳ ንጹሕ ዝርዝር ነው፤ የባንኩ ስም፣ መግዣ፣ መሸጫ፣ ቀን፣ ሁሉም በየረድፉ። ያን አድራሻ በቀጥታ መጠየቅ ከተቻለ ብራውዘር መንዳት አያስፈልግም። ብራውዘር መቶዎች ሜጋባይት ማኅደረ ትውስታ ይበላል፣ ምስልና ፎንት ሁሉ ያወርዳል፤ በፓኬጅ ኢንተርኔት ለሚሠራ ሰው ይህ የኪስ ጉዳይ ነው። ብራውዘሩ የግድ ካስፈለገም ፕሌይራይት ምስሎቹ እንዳይወርዱ ማገድ ይችላል።

የአማርኛ ገጽ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ጽሑፉ ከተለቀመ በኋላ የሚጠብቀው ሌላ ሥራ አለ፤ የውጭ መማሪያዎች ስለዚህ ምንም አይሉም። ‘ዓመት’ ብሎ የሚፈልግ ኮድ ‘አመት’ ተብሎ የተጻፈውን ያልፈዋል፤ ለሰው አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ዐይኑ ዓ እና አልፋው አ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። አራት ነጥቡ በአንዱ ገጽ አንድ ፊደል ሆኖ ‘።’ ይመጣል፣ በሌላው ሁለት ነጥብ ሁለቴ ተመትቶ ‘፡፡’ ይሆናል፤ ዓረፍተ ነገር የሚለይ ኮድ ሁለቱንም ካላወቀ ጽሑፉን ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጎ ይዘረግፈዋል። ቀኑ ይብሳል። ‘22/11/2016’ ለእኛ ሐምሌ 22 ነው፤ ለፓይተን የአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 22 ቀን 2016 ይሆናል፣ ከትክክለኛው ቀን ስምንት ዓመት ገደማ ቀድሞ ማለት ነው። ‘ጠዋት 3 ሰዓት’ የሚለውንም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። ስለዚህ የተለቀመውን ጽሑፍ እንዳለ አስቀምጦ፣ የተስተካከለውን በሌላ ዓምድ መያዝ ይገባል። ማስተካከያው ቢሳሳት ወደ ዋናው መመለስ ይቻላልና።

መቻል ግን መፈቀድ አይደለም። ማርታይን ኮስተር እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ሮቦትስ የተባለው የጽሑፍ ፋይል የድረ ገጹ ባለቤት ለአውቶማቲክ ጎብኚዎች የትኛውን ክፍል እንዳይነኩ የሚናገርበት ነው፤ በ2022 መደበኛ የኢንተርኔት ሰነድ ሆኗል። የዌብድራይቨር ደረጃም በኮድ የሚነዳ ብራውዘር መነዳቱን ለገጹ እንዲናገር ያዛል። ይህን ምልክት የሚደብቁ መሣሪያዎች አሉ፤ አልደግፋቸውም። አሜሪካ ውስጥ ሃይኪው የተባለ ኩባንያ ከሊንክድኢን ጋር ባደረገው ረጅም ሙግት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2019ም በ2022ም ለሁሉም ክፍት የሆነን ገጽ መልቀም እንደ ሰርጎ ገብነት ወንጀል የሚቆጠር አይመስልም ብሎ ነበር፤ ቆይቶ ግን ሃይኪው የሊንክድኢንን የአጠቃቀም ውል ጥሷል ተባለ። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። የምንዛሪ ዋጋ የማንም ሰው ምስጢር አይደለም። የሰዎችን ስምና ስልክ ከገጽ ላይ መልቀም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ‘ክፍት አግኝቼው ነው’ ማለት አያድንም። አንዲት ትንሽ ሰርቨር ላይ የቆመ የአማርኛ ጋዜጣ ገጽን በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ መጠየቅም አንባቢውን በር ላይ ማስቀረት ነው፤ በጥያቄና በጥያቄ መካከል ትንፋሽ መስጠት ግዴታ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሙያ በአማርኛ እንዲጻፍ የምፈልግበት የራሴ ምክንያት አለኝ። የቋንቋ ሞዴሎችና የትርጉም መሣሪያዎች ከሚማሩባቸው ትልልቅ ክምችቶች አንዱ ኮመን ክሮል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ድሩን እየዞረ ይሰበስባል። ጃቫስክሪፕት ግን አያስኬድም። ቅርፊት ሆኖ የሚመጣ የአማርኛ ጋዜጣ፣ የወግ ወይም የጤና ምክር ገጽ ለእሱ ባዶ ነው። እንግሊዝኛ ሺህ ገጽ ቢቀርበት አይጎድልበትም፤ ከመነሻው ጥቂት ለሆነው የአማርኛ ጽሑፍ ግን እያንዳንዱ ባዶ ገጽ ይቆጠራል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በፈቃድ፣ ብራውዘር ነድቶ፣ እስኪሞላ ጠብቆ የሚለቅም ሰው ያስፈልገናል። ገጽ የሚሠሩ ባለሙያዎችም ሸክሙን ሊያቀሉት ይችላሉ። ኔክስትጄኤስን የመሳሰሉ መሣሪያዎች የሪአክትን ገጽ ሰርቨሩ ላይ ገንብተው ጽሑፉን በመጀመሪያው ሰነድ ውስጥ ይልኩታል። ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ላይ በደካማ ኔትወርክ የምታነብ ተማሪም፣ ሰብሳቢው ፕሮግራምም ገጹ እንደደረሰ ማንበብ ይጀምራሉ።